ነሐሴ ላይ ባዶ የማይሆን መጋዘን

በ2003 ዓ.ም. ክረምት ረመዳንና ፍልሰታ በአንድ ሰሞን ገጥመው ነበር። ባሌ ሮቤ ላይ የማይጾም ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር። የሻይ ቤቶቹ ወንበሮች ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ይውላሉ። ጭጋጉ እስከ ረፋድ ከአስፋልቱ አይነሳም። እኔ ያን ጊዜ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ የሶፍትዌር ፕሮጀክት አስተባባሪ ነበርኩ። በከተማው ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው አላውቅም ነበር። ሥራሽ ምንድነው ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ የማማክረው ግን አልነበረኝም።

ዩኒየኑ ከገበሬው እህል ይረከባል፣ ለገበሬው ምርጥ ዘር ያድላል። ሁሉም በወረቀት ነበር። ይህን ወደ ኮምፒውተር እንዲያዛውር አዲስ አበባ ካለ አንድ ትንሽ ድርጅት ጋር ውል ተፈረመ። እኔ የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ ኮምፒውተር የተማርኩት ዘግይቼ፣ በማታው ክፍል ነው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝና “ከዛሬ ጀምሮ ይህን ነገር አንቺ ትይዣለሽ” አሉኝ። ምኑን እንደምይዝ አልነገሩኝም። እሳቸውም ገና አያውቁትም ነበር። አልሃምዱሊላህ ብዬ ተቀበልኩ።

አንዲት ልጅ አለችኝ። አባቷ የሞተው ገና ተማሪ ሳለች ነው፤ መቃብሩ ጎባ ነው። ልጄ አድጋ፣ ተምራ፣ አዲስ አበባ ሄዳ አገባች። በዚያ ክረምት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። በእኛ ቤት ልማድ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደው እናቷ ዘንድ መጥታ ነው። ልብሷንም ሸክፋ ነበር። ሐኪሟ ግን የደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ይህን ሁሉ መንገድ አትሄጂም አላት። እንግዲያው እኔ መሄድ ነበረብኝ። “ብቻሽን አትወልጂም” አልኳት። ቀኗ ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት ነው ተብሎ ነበር።

የሥራውን ዕቅድ ይዞ የመጣው የድርጅቱ ፕሮግራመር ነው። ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ጎጃም ገጠር ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ ጨዋ ሰው ነው። የቢሮዬን ግድግዳ በቢጫ ወረቀቶች ሞላው። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ ሥራ ተጽፏል። ከግራ ወደ ቀኝ በቀን ተራ ይሄዳሉ። የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ በቀይ እስክሪብቶ አያይዞታል። የገበሬው ስም ሳይገባ ርክክብ አይሞከርም። ርክክብ ሳይሞከር ሠራተኛ አይሠለጥንም። ሠራተኛ ሳይሠለጥን የወረቀቱ አሠራር አይቆምም። እሱ ይህን ሲያስረዳኝ አዲስ ነገር አልሆነብኝም። ሠርግ የደገሰች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ በርበሬው ሳይቀነጠስ ወጥ አይጣድም።

ወደ መጨረሻው ግን አንዲት ወረቀት ላይ ዓይኔ ቆመ። “የመጋዘን ቆጠራና ሥራ ማስጀመር፣ ነሐሴ፣ መጋዘኑ ባዶ ሲሆን” ትላለች።

“ይህ ቀን ከየት መጣ?” አልኩት።

“ነሐሴ ላይ እህል የለማ፣ እትዬ። ለመቁጠር ይቀላል።”

“ማን ነገረህ?”

“ማን ይነግረኛል? የገበሬ ልጅ አይደለሁም እንዴ? እኛ አገር ነሐሴ ላይ ጎተራውን ቢያንኳኩት ይጮሃል።”

“እዚህ አገር አይጮህም።”

ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅኩ ሲያይ ተወው። ነገርኩት። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። በመጋቢት የተዘራው ገብስ ክረምቱ መሀል ይደርሳል፤ ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቁጥር ይታጨዳል። ቦና የምንለው የሁለተኛው ወቅት ስንዴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ይዘራል፣ ታኅሣሥ ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ በመጋዘኑ በር ገብሱ ሲገባ የስንዴው ዘር ይወጣል።

“በዓመት ሁለቴ?” አለ።

“ሁለቴ።”

“ማንም አልነገረኝም እኮ።”

“ጠይቀህ ነበር?”

“ምርት የምትሰበስቡት መቼ ነው ብዬ ጠይቄያለሁ። ታኅሣሥ አሉኝ።”

“ታኅሣሥም እንሰበስባለን።”

ማንንም አልወቀስኩም። ጠያቂው ያደገበትን አገር ይዞ ጠየቀ። መላሹም ትልቁን ምርት መለሰ። ሁለቱም አልዋሹም፤ ፕሮጀክቱ ግን በመካከላቸው ወደቀ። ሶፍትዌሩ አንዱ የምርት ዘመን ተቆጥሮ ሳይዘጋ ሌላውን እንዳይከፍት ተደርጎ ተሠርቷል። ለመቁጠር ደግሞ የመጋዘኑ በር መዘጋት አለበት። በሩ ሲዘጋ ዘር ሊወስድ የመጣው ገበሬ ከአህያው ጋር ዝናብ ላይ ይቆማል። ዘር በቀኑ መሬት ካልገባ ታኅሣሥ ላይ የሚታጨድ የለም።

“ይስተካከላል?” ብዬ ጠየቅኩት።

“ይስተካከላል። ግን መሠረቱን ነው የሚነካው፤ እስከ መስከረም መጨረሻ ይወስዳል። እየሞከረ የሚነግረኝ ሰው ደግሞ እዚህ ያስፈልገኛል። ያ ሰው እርስዎ ነዎት።”

የመስከረም መጨረሻ ማለት ልጄ ወልዳ፣ የአራስነቷ ጊዜ አልቆ ማለት ነው። ይህን አልነገርኩትም። በማግስቱ እሱ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ እኔ ከቢጫ ወረቀቶቹ ጋር ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ጸጥ ያሉ ነበሩ። ጠዋት ከቤቴ ወጥቼ በጭቃው ዳር ዳር ሄጄ ቢሮዬን እከፍታለሁ። የገበሬዎችን ስም አስገባለሁ። መብራት ሲጠፋ እጄን በነጠላዬ ውስጥ አሙቄ እጠብቃለሁ። ለፕሮግራመሩ እደውላለሁ፤ ኔትወርኩ ከመሀል ይቋረጣል፤ ያልጨረስኩትን ዓረፍተ ነገር ለግድግዳው እጨርስለታለሁ። አመሻሽ ላይ ቤቴ ገብቼ ቴምሬንና ሾርባዬን አቀርባለሁ። አዛን ሲሰማ በአንድ ሰው ድምፅ ቢስሚላህ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ሾርባውን ለሦስት ሰው ሠርቼ እገኛለሁ። እጄ አልረሳም ነበር። ቢሆንም ጤና ነበረኝ፣ ሥራ ነበረኝ፣ የሚናፍቀኝ ሰውም በሕይወት ነበር። እሱን አመሰግናለሁ።

ሥራው በዚህ ጊዜ መጥበብ ሲገባው ይሰፋ ጀመር። የቢሮው ሰው ሁሉ በሬ ላይ ብቅ እያለ “እግረ መንገድሽን” ይለኛል። እግረ መንገድሽን የመኪናው ነዳጅ ይግባበት። እግረ መንገድሽን የሠራተኛው የዓመት ፈቃድ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሐጂ ናቸው፤ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ መጋዘኑን ከተከፈተ ጀምሮ የያዙ ሽማግሌ። አንድ ቀን ይህን ሰምተው ከበሩ ላይ “እግረ መንገድሽን ዝናቡንም አቁሚልን” ብለው አለፉ። ከብዙ ቀን በኋላ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ እግረ መንገድሽን ለሚለኝ ሁሉ አንድ ጥያቄ እመልስ ነበር፦ “በየትኛው ወረቀት ፋንታ ይግባ?” ግድግዳውን አይቶ ይመለሳል።

ልጄ ማታ ማታ ትደውላለች።

“እማ፣ እግሬ አበጠ።”

“ከፍ አድርገሽ ተኚ። ጨው ተዪ።”

“ትመጫለሽ አይደል?”

“ኢንሻአላህ።”

“ኢንሻአላህ ስትዪ እፈራለሁ።”

“እንዲህ አይባልም።”

“አባባም ኢንሻአላህ ይል ነበር። ከዚያ ሥራ ይመጣበታል።”

“እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።”

“ሁለቱንም አልሽ።”

“ሁለቱንም አልኩ።”

አንድ ቀን ከዓስር ሶላት በኋላ ከመስገጃዬ ሳልነሳ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ሥራ አለ፣ ጊዜ አለ፣ ሰው አለ። ከሦስቱ ሁለቱ ካልተነኩ ሦስተኛው መነካት አለበት። ሰው አልጨመሩልኝም። ጊዜውን ዘሩና ዝናቡ ይዘውታል። በሌላ በኩል ልጄ ይዛዋለች። የቀረው ሥራው ነው። ሁሉም ሰው እንዲጨመር እንጂ እንዲቀነስ አይወድም፤ የተፈረመ ሥራ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቢሆንም በማግስቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ።

አባቶቻቸው ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ኦሮምኛን ከብዙዎቻችን አሳምረው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ፍልሰታን ይጾማሉ።

“ግቢ” አሉኝ። “ሁለታችንም ጾመኛ ነን፤ ዛሬ የሚቆጣ የለም።”

“ጋሼ፣ ሥራው በነሐሴ ሙሉውን አይጀመርም።”

“ለምረቃው እንግዳ ተጠርቷል እኮ።”

“አውቃለሁ።”

“ከክልል ነው የሚመጡት። ቆጠራው ያስቸግራል ካልሽ መጋዘኑን ሰሞኑን እንዝጋው።”

“ዘር የሚወስደው ገበሬ የት ይቁም?”

ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ርክክቡ ብቻ ይጀመር። ከነሐሴ ወዲህ የሚገባው ገብስ በኮምፒውተር ይግባ። ዘሩ እንደ ልማዱ በወረቀቱ ካርድ ይውጣ። ፕሮግራመሩ ሁለት ምርት የሚያውቀውን ቀስ ብሎ ይሥራ፤ የቦናው ስንዴ ሲገባ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ዘሩንም እንጨምራለን። በሩም አይዘጋም።

“ግማሽ ቤት ይመረቃል?” አሉኝ።

“አንድ ክፍል ነው፣ ጋሼ። ጣራው ግን ሙሉ ነው።”

በመስኮቱ ወደ ግቢው አዩ። ኮምባይነር ጭቃ እየረጨ ያልፍ ነበር። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁ።

“ሌላስ አለሽ?”

“ልጄ ልትወልድ ነው። ከዒድ በፊት እሄዳለሁ።”

“አንቺ ሳትኖሪ ማን ይይዘዋል?”

“ሐጂ።”

“ሐጂ የእጅ ስልካቸውን እንኳ አያነሱም።”

“ያነሳሉ።”

“እኔ ስደውል አያነሱም።”

“እሱ ሌላ ነው፣ ጋሼ።”

ሊስቁ ብለው ተዉት። “እንግዶቹን እኔ እመልሳቸዋለሁ” አሉ። “ታኅሣሥ ላይ ግን ካልሠራ...” አልጨረሱትም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሥራው ጠይቀውኝ አያውቁም። ሰላምታ አላጓደሉም። በስብሰባ ላይ ግን ተራዬ ሲደርስ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፉ ነበር። ከፈቀዱልኝ ነገር አንጻር ይህ ትንሽ ነው፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ፕሮግራመሩ በስልክ አዳመጠኝ። “አለቆቼን እኔ አናግራለሁ” አለ። አናገረ። በሳምንቱ መጥቶ ወረቀቶቹን አብረን ከግድግዳው አነሳን፣ ግማሾቹን ወደ ታኅሣሥ ወሰድናቸው። ሥራ በሚጀመርበት ቀንና በመጨረሻው መካከል ባዶ ቦታ እንዲተው ጠየቅኩት።

“ይህ ለምንድነው?”

“ለመብራት፣ ለኔትወርክ፣ ለዝናብ።”

ቦታውን ተወልኝ። ከባዶው ቦታ ቀጥዬ አንዲት ቢጫ ወረቀት በእጄ ጽፌ ለጠፍኩ። “አዲስ አበባ መሄድ” ትላለች።

“እትዬ፣ ይህቺ የፕሮጀክቱ ሥራ አይደለችም።”

“ናት። እኔ የምሄድበት ቀን ካልታወቀ ሐጂ የሚሠለጥኑበት ቀን አይታወቅም።”

ቀዩን እስክሪብቶ አንስቶ ከሐጂ ሥልጠና እስከ እኔ መንገድ መስመር አሰመረ። ያን መስመር አልረሳውም።

ሐጂን ማሠልጠን የጀመርኩት በዚያው ቀን ነው። ዙህርን ሰግደው ይመጣሉ። በአንድ ጣት፣ በእያንዳንዱ ፊደል ቢስሚላህ እያሉ ይጽፋሉ።

“ኢንታላ ኮ” ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “ወረቀት መብራት አይጠይቅም።”

“ሐጂ፣ ወረቀቱም አብሮ አለ። ለዘሩ አልተነካም።”

“ታዲያ ለምን ሁለት ጌታ ታበዢብኛለሽ?”

“እስከ ታኅሣሥ ብቻ ነው።”

“እስከ ታኅሣሥ በሕይወት ካለሁ።”

“ኢንሻአላህ ይኖራሉ።”

“እንግዲያው አሳዪኝ። ይህቺን ነክቼ ነው ከዚህ ገጽ የምወጣው?”

“አይደለም ሐጂ፣ መጀመሪያ ይመዘገባል፣ ከዚያ ነው የሚወጣው።”

ሥራው የተጀመረው እንግዳም ንግግርም በሌለበት፣ በዝናብ ነው። የመጀመሪያው መኪና ከሲናና ገብስ ጭኖ መጣ። ጆንያው ተመዘነ፣ የገበሬው ስም ተጠራ፣ ሐጂ በአንድ ጣታቸው አስገቡት፣ ደረሰኙ ወጣ። ገበሬው ወረቀቱን አገላብጦ አየውና ካፖርቱ ውስጥ ከተተው። በዚያው በር ዘሩ በካርድ ይወጣ ነበር። ማንም ዝናብ ላይ አልቆመም። ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ቀጠልን። ሐጂ ለሶላት ሲሄዱ እኔ ሁለተኛውን መኪና ልቀበል ብቻዬን ቀረሁ። ስልኬ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። የልጄ ባለቤት ነበር።

ግፊቷ በሌሊት ከፍ ብሎ በኦፕራሲዮን ወለደች አለኝ። ሴት ናት አለ። ሁለቱም ደህና ናቸው ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አልገባም።

ለመብራት፣ ለኔትወርክ፣ ለዝናብ ቦታ ትቼ ነበር። ልጅ ከቀኗ ቀድማ ልትመጣ እንደምትችል ግን የትኛውም ወረቀት ላይ አልነበረም። ዙሪያዬን አየሁ። እስከ ጣራው የተደረደረ ጆንያ ነው። የምነግረው ሰው አልነበረም። እዚያው፣ በጆንያዎቹ መካከል፣ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሱጁድ ወረድኩ። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነበር። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ።

ሐጂ ሲመለሱ “ግንባርሽ ላይ ገለባ አለ” አሉኝ።

“ልጄ ወለደች።”

“አልሃምዱሊላህ። ደህና ናት?”

“ደህና ናት አሉ።”

“ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

“ሁለተኛው መኪና አልተመዘነም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻም መቆየት አለብኝ፤ ዕቅዱ...”

ወንበሬን ስበው ተቀመጡበት። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

“እኔን ያሠለጠንሽኝ ለመቼ ነው?” አሉ።

ወደ ቢሮዬ ሄጄ “አዲስ አበባ መሄድ” የምትለዋን ወረቀት ነቀልኳትና ባዶውን ቦታ አሻግሬ ሥራው ከተጀመረበት ቀን አጠገብ ለጠፍኳት። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። “እንኳን ማርያም ማረቻት” አሉኝ፤ ከዚያም ቀና ብለው አይተውኝ “ሂጂ” አሉ።

አመሻሽ ላይ ቤቴ ገብቼ የገብሱን ዱቄትና ቅቤውን አሰርኩ። ዱቄቱን ራሴ ነበር ቆልቼ ያስፈጨሁት። አዛን ሲል በአንድ ቴምር ፈታሁ። ሾርባ ለመሥራት አልተነሳሁም። ስልኩ ሲጮህ ድምጿ በጣም ቀጥኖ ነበር።

“እማ። ብቻዬን ወለድኩ።”

“አውቃለሁ፣ ልጄ።”

“እመጣለሁ ብለሽ ነበር።”

ከበስተኋላዋ ሕፃኗ ስታለቅስ ሰማሁ፤ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

“ነገ እመጣለሁ” አልኩ።

“ኢንሻአላህ በይ” አለችኝ።

“ኢንሻአላህ።”

በማግስቱ ሱሁር በልቼ፣ ፈጅርን ሰግጄ፣ በጭጋጉ ውስጥ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ሐጂ ከመስጊድ በቀጥታ መጥተው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሊሸኙኝ የመጡ መስሎኝ ነበር።

“የትናንቱ የመጨረሻ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ታተመ” አሉኝ። “የትኛውን ልስጠው?”

“አንዱን ለገበሬው፣ አንዱን ከእርስዎ ጋር ያኑሩ። ልዩነት የላቸውም።”

“እንዲህ ከሆነ ይገባኛል። ናጋን ገሊ፣ በሰላም ግቢ።”

ገባሁ። ረዳቱ ዕቃዬን ጣራ ላይ ሊሰቅለው እጁን ዘረጋ።

“ማዘር፣ ምንድነው ያለው?”

“የገብስ ዱቄት።”

“ለአዲስ አበባ ሰው ገብስ?”

“ለአራስ ነው። ዝናብ እንዳይነካው” አልኩትና ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ።